ዘሩን ለእንቁጣጣሽ ያቆዩት

ጥያቄ፦

«ባለፈው የካቲት ከባለቤቴ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በ1962 የተሠራ ቤት ገዛን። ስንገዛው ግቢው በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ጉዱ ወጣ። የፊት ለፊቱ ግቢ ግማሹ አረም፣ ግማሹ ራሰ በራ ነው። በጓሮ፣ ከትልቁ የሜፕል ዛፍ ሥር ያለው መሬት ጭራሽ ባዶ አፈር ነው። በመኪና ማቆሚያው ዳር ደግሞ እንደ ሽቦ የጠነከረ ሣር እየተሳበ አስፋልቱ ላይ ወጥቷል። በሚያዝያ 50 ፓውንድ ዘር ገዝቼ በተንኩ፤ በዚያው ሰሞን አረሙን ይገድላል፣ ሣሩን ይመግባል የተባለ ማዳበሪያም ጨመርኩበት። ጥቂት ብቅ አለና በሐምሌ ሙቀት ደረቀ። አሁን የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ በ30 ቀን ውስጥ ግቢያችሁን አስተካክሉ የሚል ደብዳቤ ልኮልናል። አንድ ድርጅት ሁሉንም ገፎ ጥቅልል ሣር ለማንጠፍ የጠየቀን ዋጋ የወር የቤት ክፍያችንን ሦስት እጥፍ ነው። ሊጠይቁን ከአገር ቤት የመጡት እናቴ በበኩላቸው ‹ሣሩ ለየትኛው ላም ነው? ጎመን ትከሉበት› ይላሉ። ምን ይሻለናል?»

አዲስ ባለቤት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ውድ አዲስ ባለቤት፣

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ፤ ቤቱን የበረከት ያድርግላችሁ። ከድርጅቱ ጋር ውል ካልፈረማችሁ አትፈርሙ። ጥቅልል ሣር በራሱ ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም። ነገር ግን በጠጠረ መሬት ላይ፣ በነሐሴ ሙቀት ከተነጠፈ ሥሩ የሚገባበት አያገኝም። ለጥቂት ሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ደስ ያሰኛችኋል፤ ከዚያ ያው የምታውቁት ራሰ በራ ግቢ ተመልሶ ይመጣል፤ ገንዘባችሁንም ውሃ በላው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሚያዝያው ዘር ልመለስ። ፀሐይ ወጣ ስትል፣ ሱቆችም የዘር ከረጢት በር ላይ ሲቆልሉ እጁን የማይበላው አዲስ የቤት ባለቤት የለም። በሜሪላንድ ለአብዛኛው ግቢ የሚመከረው ሣር ግን ቶል ፌስኪው የሚባለው ነው፤ ይህ ሣር ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። በሚያዝያ ሲዘራ ሥሩ ሳይጠልቅ ሐምሌ ይደርስበታል። በዚያ ላይ እርስዎ የጨመሩት «አረም ገዳይ ማዳበሪያ» አለ። ከእነዚህ ከረጢቶች አንዳንዶቹ የአረም ዘር እንዳይበቅል የሚያግድ መድኃኒት አላቸው፤ መድኃኒቱ የአረምን ዘር ከሣር ዘር ለይቶ አያውቅም። ሌሎቹ ደግሞ ለጋ ቡቃያን ይጎዳሉ። ስለዚህ 50 ፓውንዱን በአንድ እጅዎ ዘርተው በሌላው እጅዎ ከልክለውታል ማለት ይቻላል። የሣሩን ዕድል አያማርሩ።

ስለዚያ ከረጢት ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሞንትጎመሪ ካውንቲ አካል ነው። ካውንቲው በ2015 ባወጣው ሕግ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በግል ግቢ ሣር ላይ ሰው ሠራሽ ፀረ አረም መርጨትን ከልክሏል። ሕጉ በፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቶ በ2019 ጸንቷል። የሚገርመው ሱቆቹ ዕቃውን መሸጣቸው ነው። መሸጡ አልተከለከለም፤ የተከለከለው እርስዎ ግቢዎ ሣር ላይ መጠቀምዎ ነው። የሚኖሩት ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ቢሆን ምክሬ በዚህ ረገድ ይለይ ነበር። እዚህ ግን ከኬሚካሉ መደርደሪያ ፊት ቆመው የሚያባክኑት ጊዜ ከንቱ ነው። የተረፈ ከረጢት ካለዎት ካውንቲው አደገኛ የቤት ውስጥ ዕቃዎችን ወደሚቀበልበት ጣቢያ ይውሰዱት እንጂ ቆሻሻ ውስጥ አይጣሉት።

የማኅበሩ ደብዳቤ እንዳስጨነቃችሁ ይገባኛል፤ ሆኖም ሊደነገጥለት የሚገባ አይደለም። 30 ቀን ውስጥ ግቢ በሣር አይሞላም፤ ይህን እነሱም ያውቃሉ። የሚፈልጉት ግቢው ባለቤት እንዳለው ማየት ነው። አንድ ገጽ መልስ ጻፉላቸው፤ አፈሩን እንደምታስመረምሩ፣ በሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት መሬቱን አስበስታችሁ እንደምትዘሩ፣ እስከዚያም ሣሩን በየሳምንቱ እንደምታጭዱ ግለጹ። የዛሬውን ፎቶግራፍ አያይዙ። በዚያው ቀን ማጨጃውን አውጥታችሁ እጨዱት፤ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝም በቀጥታ መስመር ቁረጡት። ከመንገድ የሚያይ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በሣሩ ቁመትና በጠርዙ ላይ ነው። አረሙም ቢሆን እኩል ከታጨደ ከሩቅ ሣር ይመስላል።

ስታጭዱ ግን አሳጥራችሁ አትላጩት። ብዙ ወገኖቻችን «አንዴ ላሳጥረውና ልረፍ» ብለው ማጨጃውን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርጋሉ፤ በሳምንቱ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ አረሙም ሜዳውን ይረከባል። ቶል ፌስኪው ከ3 እስከ 4 ኢንች ቁመት ይፈልጋል። በዚህ ቁመት ሲቆም መሬቱን ያጠላል፤ ጥላ ያገኘ መሬት ላይ ደግሞ ክራብግራስ የሚባለው አረም ዘር እንደልቡ አይበቅልም። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትቁረጡ፤ ምላጩንም አስሉት። የታጨደውን ሣር ሰብስቦ መጣል አያስፈልግም፤ እዚያው ወድቆ ሲበሰብስ ለመሬቱ ነጻ ማዳበሪያ ይሆናል።

አሁን አረሞቹን እንያቸው። የላኳቸውን ፎቶግራፎች አጉልቼ ተመልክቻለሁ። በፀሐያማው ቦታ ተንጠፍጥፎ የተሰራጨው፣ ጫፉ ላይ እንደ ጣት የተዘረጋ ዘር የያዘው ክራብግራስ ነው። እሱን በነሐሴ መዋጋት ትርፉ ድካም ነው፤ ዕድሜው የአንድ ዓመት ስለሆነ የመጀመሪያው ውርጭ ሲመታው ራሱ ይሞታል። ዘሩን እንዳያራግፍ ብቻ ዘር ያወጡትን እየነቀላችሁ ከግቢ አስወጡ። ሦስት ቅጠል ያለውን ክሎቨር እኔ ብሆን አልነካውም። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ መሬቱን ይመግባል፤ ንቦችም ይወዱታል። ልጆች በባዶ እግራቸው የሚሮጡበት ከሆነ ግን አበባ ሲያወጣ ማጨድ ነው።

ከውሃ መውረጃው ቧንቧ አጠገብ ያለው፣ ከታጨደ በሁለት በሦስት ቀን ከሌላው ቀድሞ ብቅ የሚለው ፈዛዛ አረንጓዴ ግን ሣር አይደለም። አንዱን ይንቀሉና ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያንከባሉት፤ ሦስት ማዕዘን ይዳስሳሉ። የእንግጫ ወገን ነው። በጎጃም ልጃገረዶች ለአዲስ ዓመት እየዘፈኑ ይነቅሉታል፤ እዚህ የሚዘፍንለት የለም። መሬት ውስጥ ትናንሽ ፍሬ መሳይ ሥሮች ስላሉት አንዴ ቢነቀል ተመልሶ ይመጣል፤ ደጋግመው ሲነቅሉት ግን ስንቁ እያለቀ ይዳከማል። የዚህ አረም ሌላው ጥቅም መናገሩ ነው፦ «እዚህ ቦታ ውሃ ይተኛል» ይላል። የጣሪያው ውሃ ወደዚያ የሚወርድ ከሆነ ቧንቧውን አስረዝመው ወደ ሌላ ቦታ ያሳልፉት።

በመኪና ማቆሚያው ዳር አስፋልት ላይ የወጣው ደግሞ የአገራችን ሰርዶ ነው፤ እዚህ ቤርሙዳ ይሉታል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ሜሪላንድ አልደረሰችም። ሰርዶ ሙቀት ይወዳል፤ ቶል ፌስኪው በሚቃጠልበት የአስፋልት ዳር እሱ ይፈነጫል። ውርጭ ሲመጣ ግን እስከ ግንቦት መዳረሻ ገለባ መስሎ ይከርማል። ሥሩ ከመሬት ላይም ከመሬት በታችም ስለሚሳብ፣ ቆፍረው ሲያወጡት የቀረችው አንዲት ቁራጭ እንደገና ትበቅላለች። የእኔ ምክር፣ በዚያች ጠባብ ዳር ይቆይ። ወደ ሌላው ግቢ የሚሳበውን ግን በየሳምንቱ በስለት አካፋ ቁረጡት፤ ያለፈውን ከነሥሩ አውጡት። ሁሉንም ላጥፋ ካሉ ክረምት ከበጋ ከእሱ ጋር መኖርዎ ነው።

አረሙ ሁሉ የገባው ቦታ ስላገኘ ነው። ቦታውን የሰጠው ደግሞ የጠጠረው መሬት ይመስለኛል። አንድ ሙከራ ያድርጉ፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት ረጅም ካቻቢቴ ይዘው ይውጡና በራሰ በራው ቦታ ወደ መሬት ይጫኑት። ያለ ትግል እስከ እጀታው ከገባ ደህና ነው። ሁለት ኢንች ገብቶ ከቆመ የሣር ሥርም የሚቆመው እዚያው ነው። የአካባቢው አፈር ሸክላማ ነው፤ ከ60 ዓመት በላይ ሲረገጥና ማጨጃ ሲመላለስበት የኖረ ሸክላ ካቻቢቴውን ቢመልሰው አይግረምዎ።

በዚህ ሳምንት ማድረግ ያለባችሁ የአፈር ምርመራውን ነው። ከፊት ለፊቱ ግቢ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ቦታ፣ እስከ 4 ኢንች ጥልቀት ትንሽ ትንሽ አፈር አውጡ። በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅላችሁ ሁለት ኩባያ ያህል ለላቦራቶሪ በፖስታ ላኩ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን አገልግሎት የላቦራቶሪዎቹን ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። ውጤቱ የአፈሩን አሲዳማነት ይነግራችኋል። የሚለካውም ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል። ቶል ፌስኪው ከ6.0 እስከ 6.7 ባለው ፒኤች ይመቸዋል። ከዚያ በታች ከሆነ ኖራ ያስፈልጋል፤ መጠኑንም ወረቀቱ ላይ ታገኙታላችሁ። የጎረቤት ግምት ይዞ ኖራ መበተን የሚያስከትለው ጉዳት ኖራ ከማጣት አያንስም።

ዘሩ የሚዘራው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው፤ ከመካከሉ ምርጡ ሴፕቴምበር ነው። እንቁጣጣሽ የሚውለው በልቡ ላይ ነው። አፈሩ ገና ሞቃት ስለሆነ ዘሩ ቶሎ ይበቅላል፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ቡቃያው አይቃጠልም፣ ክራብግራሱም ዕድሜው እያለቀ ነው። እስከ ሐምሌ ድረስ ሥር የሚሰድበት ረጅም ጊዜ ያገኛል።

ከመዝራታችሁ በፊት ኤሬተር የሚባለውን ማሽን ለግማሽ ቀን ተከራዩ። ማሽኑ መሬቱን እየበሳ የጣት ያህል የአፈር ቁራጭ ያወጣል። ከባድ ስለሆነ ለብቻ ከመኪና አይወርድም፤ ጎረቤት ካለ ኪራዩንም ጉልበቱንም ተካፈሉ። በዋዜማው መሬቱን በደንብ አጠጡት፤ ደረቅ ሸክላ ላይ ማሽኑ እየዘለለ ያልፋል። አንዴ በቁመት፣ አንዴ በወርድ ሂዱበት። የወጣውን የአፈር ቁራጭ አትሰብስቡት፤ ዝናብ ያሟሟዋል። ከላይ ሩብ ኢንች ያህል የተጣራ ኮምፖስት ብትበትኑ፣ ለሸክላ አፈር ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለም።

ዘር ስትገዙ ከፊት ያለውን ሥዕል ተዉትና ከጀርባ ያለውን መለያ አንብቡ። አብዛኛው ቶል ፌስኪው ይሁን፣ የተመረመረበት ዓመት ቅርብ ይሁን፣ የአረም ዘር የሚለው ቁጥር ወደ ዜሮ የተጠጋ ይሁን። ዋጋው የረከሰው ከረጢት ብዙውን ጊዜ ቶሎ በቅሎ ቶሎ በሚሞት ሣር የተሞላ ነው። ባዶ ለሆነው ቦታ ለ1,000 ካሬ ጫማ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ፣ ሣሩ ለሳሳበት 4 ፓውንድ ገደማ ይበቃል። የሚያዝያው 50 ፓውንድዎ ከ6,000 ካሬ ጫማ በላይ ባዶ መሬት ይሸፍን ነበር! ዘር ሲበዛ ቡቃያው ተጨናንቆ በበሽታ ይረግፋል።

ዘሩ አፈር መንካት አለበት። በሞተ ሣር ላይ የተንጠለጠለ ዘር የወፍ ቀለብ ነው። ባለ ጥርስ የብረት ሬክ ይዛችሁ ባዶውን ቦታ ቧጥጡት፣ ግማሹን ዘር በአንድ አቅጣጫ፣ ግማሹን በሌላ አቅጣጫ በትኑት፣ እንደገና በቀስታ ቧጥጡና ርገጡት። ባዶው ቦታ ላይ አፈሩ በመካከሉ እስኪታይ ሳስ አድርጋችሁ የስንዴ ጭድ አልብሱት። ድርቆሽ ግን አታስገቡ፤ ድርቆሽ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል።

ከዚያ ውሃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት የላይኛው አፈር መድረቅ የለበትም፤ ዝናብ ከሌለ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ በስሱ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል። ቶል ፌስኪው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። አንዴ አብጦ መንቃት የጀመረ ዘር ከደረቀ አለቀለት። ለቅዳሜና እሑድ ራቅ ወዳለ ሠርግ ልትሄዱ ከሆነ ለመርጫው ሰዓት ቆጣሪ ግዙለት ወይም ዘሩን ከሠርጉ በኋላ ዝሩ። ቡቃያው ከጠነከረ በኋላ ቀኑን እያራቃችሁ፣ ውሃውን እያበዛችሁ ሂዱ፤ በሳምንት ከዝናቡ ጋር አንድ ኢንች ይበቃዋል። የቱና ቆርቆሮ ሣሩ መካከል ብታስቀምጡ መጠኑን ትለኩበታላችሁ። ውሃው በማለዳ ይሁን። በተለይ በመጪው ዓመት ሐምሌና ነሐሴ በምሽት የምታጠጡ ከሆነ፣ ቅጠሉ ሌሊቱን እርጥብ አድሮ ቡናማ ክብ እያወጣ የሚያደርቀውን የፈንገስ በሽታ እንደመጋበዝ ይቆጠራል።

አዲሱ ሣር 4 ኢንች ሲደርስ የመጀመሪያ አጨዳው ነው። በዚያው ሰሞን የሜፕሉ ቅጠል ይረግፋል፤ ቡቃያው ላይ ተኝቶ እንዳያፍነው ቶሎ ቶሎ በቀስታ አንሱት።

ማዳበሪያን በተመለከተ ሜሪላንድ ጥብቅ ናት። ከግቢ የሚታጠበው ማዳበሪያ መድረሻው የቼሳፒክ ባሕር ወሽመጥ ስለሆነ፣ ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ለቤት ባለቤትም ይሠራል። ከኖቬምበር 15 በኋላ እስከ ማርች 1 ማዳበሪያ መጣል ክልክል ነው። በአንድ ጊዜ ለ1,000 ካሬ ጫማ ከ0.9 ፓውንድ ናይትሮጅን በላይ አይፈቀድም። ከረጢቱ ላይ ካሉት ሦስት ቁጥሮች መካከለኛው ፎስፈረስ ነው፤ የአፈር ምርመራው ካልጠየቀ ወይም አዲስ ሣር የምታበቅሉ ካልሆነ ዜሮ መሆን አለበት። አስፋልት ላይ የፈሰሰውን ጠርጋችሁ ወደ ሣሩ መልሱት።

የሜፕሉን ሥር ተዉት። ዛፉ ፀሐዩንም ውሃውንም ቀድሞ ይወስዳል፤ በየዓመቱ ዘር ብትገብሩለትም ሣር አይሰጣችሁም። አፈር ከምሮ ከላይ መዝራትም ሥሩን ያፍነዋል። ከ2 እስከ 3 ኢንች የእንጨት ፍርፋሪ አልብሱት፤ ፍርፋሪው ግን ግንዱን አይንካ። በመካከሉ ጥላ የሚወዱ የአገሬው ተክሎችን፣ ለምሳሌ ፈርን፣ መትከል ይቻላል። ማኅበሩ «ሣር ብቻ» ብሎ ቢሟገት፣ ሜሪላንድ በ2021 ያወጣችው ሕግ ማኅበራት ውሃ ቆጣቢና ለንብ የሚመቹ ተክሎችን ያለ አግባብ እንዳይከለክሉ ያዛል። መጀመሪያ ግን በጨዋ ደንብ ጠይቋቸው፤ ከጎረቤት ጋር በሕግ አንቀጽ መተዋወቅ አይመከርም።

እናትዎ የጠየቁት ጥያቄ ፍትሐዊ ነው። በጓሮ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ ካለ የጎመን ችግኝ አሁን፣ በነሐሴ፣ ቢተከል ውርጩ ሲመጣ ይበልጥ ይጣፍጣል። ከመትከላችሁ በፊት ግን ከዚያ ቦታ ለብቻ አፈር ወስዳችሁ የእርሳስ መጠኑን አስመርምሩ። ቤታችሁ የተሠራው እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም በ1978 ከመታገዱ በፊት ስለሆነ፣ ከግድግዳው ሥር የተፋቀ ቀለም አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ውጤቱ ካላማረ አዲስ አፈር በተሞላ ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ላይ ይተከል። አጥርም ያስፈልገዋል፤ በየግቢው የሚዞሩት አጋዘኖች ሣሩን ትተው ወደ ጎመኑ እንደሚሄዱ እናትዎ በመጀመሪያው ሳምንት ያዩታል።